የተሰበረው ሽንትር

አለቃቸው ያኔትን «ሱፐር! ጄኔቭ ሄደሽ ንድፉን የምታቀርቢው አንቺ ነሽ» ሲላት የዘነበወርቅ አንጀት እርር አለ። አልትሽቴተን በሚባለው ሰፈር ባለው በዚህ የንድፍ ቢሮ ዕድሜዋን የፈጀችው እሷ፤ ሁሉም ሠራተኛ በየፊናው የሳለውን ቁርጥራጭ መስመር አጋጥማ የትራሙን ወንበር ንድፍ የጨረሰችው ግን ይህች የትናንት ልጅ!

ያኔት ብድግ ስትል ዘነበወርቅ በልጅቷ ኮምፒውተር ላይ ጎንበስ ብላ የወንበሩን ንድፍ የመስመር መፈተሻውን የሜዳ አህያ ሽንትር አለበሰችው። መጋጠሚያው ያልለሰለሰ እንደሆነ ሽንትሩ እዚያው ይሰበራል። ጥቁርና ነጩ እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ፈሰሰና መደገፊያው ጫፍ ላይ ስብር አለ። ደስታዋን አትጠይቁኝ!

«ነይማ ያኔት፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሁሉም እንዲሰማ።

ልጅቷ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ መስመር ነው። ሳላስፈቅድዎት መንካቱ ነውር መስሎኝ ተውኩት።»