የበርሜሉ ቁልፍ

«ማል!» እለዋለሁ በላቸውን። «‹ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ ሞተሩን አልነካሁትም› በልና ይለይልን!»

በላቸው መሪውን እንደያዘ ሐይቁን ያያል። ስድስት ዓመት ጀልባዬን ነድቷል፤ ከጎርጎራ ደልጊ፣ ከደልጊ ጎርጎራ፣ እህል ጭኖ፣ ሰው ጭኖ።

«ምዬ አላውቅም፣ አያ አለበል። አባቴም ምሎ አያውቅም።»

«ምነው? ንጹሕ ሰው መሐላ ይፈራል?»

ንጹሕ ሰው! እህ! ሞተሩ ከፋሲካ ወዲህ እየደከመ ነው። ባዶውን ሲሄድ ሸጋ ነው፤ ጤፍ ሲጫንበት ግን መሀል ሐይቅ ላይ ያቃስታል፣ ይንቀረፈፋል። ባለፈው ሐሙስ ማዕበል ተነስቶ ሃያ ሰው «ማርያም! ማርያም!» እያለ ነው ዳር የደረሰው። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ሁሉ በወልደ ዮሐንስ አዲስ ጀልባ ነው የሚሳፈረው። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ በላቸውና ወልደ ዮሐንስ ዋርካ ሥር ቆመው ሲያወጉ አይቻለሁ። በዓይኔ በብረቱ! ይህች ጀልባ ከሞተች እኔም ሞቻለሁ፤ ሌላ ነገር የለኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ጥፋቱ ከናፍጣው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዳር ላይ ያለው በርሜል በቁልፍ ነው የሚዘጋው፤ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው፣ ከማተቤ ጋር አስሬው ነው የምተኛው። የናፍጣ ነጋዴውንም አላምነውም። አሸዋ ይኑርበት፣ ውኃ ይኑርበት፣ ማን ያውቃል? በገዛ እጄ ሳላጠልለው አንዲት ጠብታ ሞተሩ አይቀምስም። ጠጅ እንኳ ሳይጠለል አይጠጣም።

ከጎንደር ያስመጣሁት መካኒክ፣ ሰጠኝ የሚሉት፣ ሞተሩ ላይ ተደፍቷል። ይሄንንም አላምነውም። ከብሎን መፍቻ ኪያቤው በቀር ከማንም የሚነጋገር አይመስልም። ከቦርሳው ሰዓት የመሰለች ነገር ያወጣል፤ መስታወት አላት፣ መርፌ አላት።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ናፍጣው በምን ያህል ጉልበት እንደሚገፋ ትናገራለች፣ አያ።»

«ለማን ነው የምትናገረው? ለአንተ?»

«ለሦስታችንም» ብሎ ይስቃል። «ቁጥሩን ባያውቁት እንኳ መርፌዋን ያዩአታል።»

ጀልባይቱን በወፍራም ገመድ ከምሰሶው ጋር ያስራታል። ገመዱን እየጎተተች ስትሠራ ነው አሉ፣ ሸክም እንደተጫነባት የሚሆነው። መለኪያዋን መጀመሪያ ናፍጣውን ከሚገፋው ፖምፓ ቀጥሎ፣ ማጣሪያው ሳይደርስ ይገጥማታል። በላቸው ሞተሩን ያስነሳል። ገመዱ ይወጠራል፤ መርፌዋ ወደ ላይ ትወጣና ትቆማለች። ነዳጅ ቢጨመርም ንቅንቅ አትልም።

«ፖምፓው ደህና ነው» ይላል ሰጠኝ።

አሁን መለኪያዋን ነቅሎ ከማጣሪያው ወዲያ ያዞራታል። እኔ የማየው የበላቸውን እጅ ነው፤ በጣቱ አንዳች ነገር ቢሠራስ? ሞተሩ በቀስታ ሲዞር መርፌዋ ቆማለች። ነዳጅ ሲጨመር ትንቀጠቀጣለች፣ ትወርዳለች፣ ትወርዳለች። ሞተሩ ያንኑ የማውቀውን ማቃሰት ያቃስታል፤ ገመዱ ይላላል።

«ከመሀል ያነቀው ነገር አለ» ይላል ሰጠኝ። «ማጣሪያው ውስጥ ነው።»

«ያዝኩህ!» እላለሁ በላቸውን። «ወትፈህበታል! ከወልደ ዮሐንስ ጋር የዶለትከው ይሄንን ነው? አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ!»

በላቸው ቀና ብሎ ያየኛል። «ወልደ ዮሐንስ ሦስት ጊዜ ‹ና ከእኔ ጋር ሥራ› ብሎኛል። ሦስት ጊዜም ‹አያ አለበልን ጥዬ የት እሄዳለሁ› ብዬዋለሁ። ቅዳሜ ያዩንም ይህንኑ ስንነጋገር ነው።»

«እስቲ በዚህ ማል!»

አይምልም።

ሰጠኝ ማጣሪያውን ፈትቶ ይገለብጠዋል። ጥቁር ድቡልቡል ነገር መዳፉ ላይ ይወድቃል። ያጥበዋል፣ በጣቱ ይፈለቅቀዋል። ጥጥ ነው። በውስጡ አንዲት ሰማያዊ ክር ተጠምጥማለች፤ የጥለት ክር።

«ናፍጣውን በጨርቅ ነው የሚያጠልሉት?» ይላል ሰጠኝ፣ ማናችንንም ሳያይ። «ያረጀ ሸማ ጥጡን ይለቃል። ጥቂት በጥቂት እዚህ ተከማችቷል።»

የብርነሽ ነጠላ ነው። ሚስቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ልብሷ ሁሉ ለነዳያን ሲሰጥ እሱን ብቻ አስቀረሁት፤ ለፋሲካ የመጣው ናፍጣ ቆሻሻ መስሎኝ ከሣጥን አወጣሁት። አሁን በርሜሉ ላይ ተዘርግቶ ይታየኛል፤ ሰማያዊ ጥለቱ ናፍጣ ጠጥቶ ጠቁሯል። በላቸውም ወደዚያው ያያል። ሌላ ማን ነክቶት? ቁልፉ ከአንገቴ ወርዶ እንደማያውቅ ለጎርጎራ ሰው ሁሉ ስምል የኖርኩት እኔው ነኝ።

ቁልፉን ከሸሚዜ ሥር እሸሽጋለሁ።

«አያ አለበል» ይላል በላቸው በለሆሳስ፣ «አሁን ልማል?»

መልስ አይጠብቅም። ጋቢውን አንስቶ ትከሻው ላይ ይጥልና በሳንቃው ወደ ዳር ይወርዳል።

ሰጠኝ ማጣሪያውን አጥቦ ይገጥመዋል፤ ሞተሩንም ራሱ ያስነሳዋል። ጉድ ነው! መርፌዋ ወጥታ ቀጥ ትላለች፣ ሞተሩ እንደ ድሮው ያጓራል፣ ምሰሶው ሲጥ ሲጥ ይላል። መሪው ላይ ግን ማንም የለም።

«በላቸው!» እላለሁ። «በላቸው፣ በድዬሃለሁ! ይቅር በለኝ!»

ሞተሩ ድምፄን ይውጠዋል። በላቸው ዳር ዳሩን ወደ ወልደ ዮሐንስ ጀልባ ይሄዳል። አንዴ እንደ መቆም ይልና መንገዱን ይቀጥላል።

እንደሰማኝ እጠረጥራለሁ።