የመኪናው ዛፍ
የዋናውን መሥሪያ ቤት አዲስ መናፈሻ የነደፈችው ባለሙያ የጠረጴዛውን መብራት አበራችና የመናፈሻው ትንሽ ሞዴል ላይ እንደ ቀትር ፀሐይ አዘነበለችው። ትንንሾቹ ዛፎች ሁሉ ጥላቸውን ጣሉ። በሩ አጠገብ የቆመው ጣት የማያህል ሰውዬ ብቻ ፀሐይ ላይ ቀረ።

«ይሄ እኔ መሆኔ ነው?» አሉ ሞዴሉን ተሸክመው ያስገቡላት ሽማግሌ የበር ጥበቃ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አሳምረሽኛል!» ሳቁና፣ ሳያስቡት መዳፋቸውን ከሰውዬው አናት በላይ ዘረጉለት። «አይዞህ ወንድሜ። እኔም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከባንዲራው ምሰሶ ጥላ ጋር ስዞር ነው የምውለው።»

ክው አለች። ሦስት ወር ስትነድፍ ያ ምሰሶ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም። የሥራ አስኪያጁ ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። ከእሱ መኪና ማቆሚያ ትልቁን ዛፍ ነቀለችና በሩ ጋ፣ ከሽማግሌው መዳፍ አጠገብ ተከለችው።

«የመኪናዬ ዛፍ የት ሄደ?» አለ ሥራ አስኪያጁ ገና ከመግባቱ። ዓይኑ ሽማግሌው እጅ ላይ ዐረፈ። «እስቲ እጅዎን ያንሡት፣ አባባ።»

ሽማግሌው ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። ጥላው ግን ከሰውዬው ላይ አልተነሣም።