የመምህር አማን ሬዲዮ

ታጣቂዎቹ መርሳ አጠገብ ያለችውን ግራናን በያዙ ሰሞን መብራት ሄደ፣ ስልክ ሄደ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ወሬ ሄደ። የግራና ሰው ያለ መብራትና ያለ ስልክ መኖር ይችልበታል። ያለ ወሬ ግን አይሆንለትም።

ስለዚህ መምህር አማን ከወልድያ ተፈናቅለው ሬዲዮ ይዘው ሲመጡ የተቀበሏቸው እህል እንደጫነ መኪና ነበር። ጡረታ የወጡ የሳይንስ አስተማሪ ናቸው። ነሐሴ ላይ ከባድ መሣሪያ የጎረቤታቸውን ቤት ሲያፈርሰው እሳቸው አጥሩ ሥር ቆመው ነበር፤ አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ጭረት እንኳ አልነካቸውም። ሌሎቹ ተፈናቃዮች ትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ተኝተዋል። ለመምህሩ ግን ዘሀራ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሬዲዮዋን እንዳየች፣ ከበረቱ አጠገብ ያለችውን ክፍል ጠርጋ ሰጠቻቸው።

ዘሀራ ወሬ የፈለገችው ለጨዋታ አይደለም። አንድ ልጇ ረዲ ታጣቂዎቹን ሸሽቶ ተራራው ላይ ዋሻ ውስጥ ነው። ሳል ይዞታል፣ በየቀኑም እየባሰበት ነው። የመርሳ መንገድ መከፈቱን የሰማች ዕለት አውርዳ ሐኪም ቤት ልታደርሰው ነው። ከቸኮለች ይያዝባታል፤ ከዘገየች ሳሉ ይቀድማታል።

ሬዲዮ ማዳመጥ ክልክል ስለነበር መምህሩ የሚከታተሉት በጆሮ ማዳመጫ ነው። ሰዉ የከሰዓቱን ሶላት፣ አሱርን፣ ሰግዶ ሲያበቃ ዘሀራ ግቢ ዛፉ ሥር ይሰበሰባል። መምህሩ ሬዲዮዋን ከኮታቸው ኪስ ያወጣሉ፣ ቁልፏን እስከ ጥግ ያዞራሉ፣ ቀይዋ መብራት መብራቷን አይተው ማዳመጫውን ጆሯቸው ውስጥ ይሰካሉ። ጣቢያ ፍለጋ ብሎ ነገር የለም። ጥቂት ራሳቸውን ይነቀንቁና፣ ሰማንያ ተማሪ ፊታቸው እንዳለ ሁሉ፣ ጮክ ብለው ይጀምራሉ።

«የአፋር መሬት እየተሰነጠቀ ነው! ከሥር የቀለጠ ድንጋይ እየገፋው ነው! አንድ ቀን ባሕር ይሆናል!»

«መቼ?» አሉ የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው ዳኛ ሼህ ዓሪፍ።

መልስ የለም። አስተማሪ ጥያቄ የሚቀበለው መጨረሻ ላይ ነው ተባለና ታለፈ። በዚያው ሳምንት ሁለት ወንድማማቾች፣ ባሕሩ ሲመጣ የዳርቻው መሬት ለማን እንደሚደርስ ሳይስማሙ ቀርተው ተኮራረፉ።

በማግስቱ ኮንጎ ውስጥ ተራራ ፈነዳ። ቀጥሎ ማርስ ላይ ትንሽ ሄሊኮፕተር በረረች። ከዚያ እንደገና ኮንጎ።

«ኧረ መምህር፣ የመርሳ መንገድስ?» አለች ዘሀራ ከጀርባቸው ውኃ እየቀዳችላቸው።

«የማርስ አየር ስስ ነው!» አሉ መምህሩ። «ስለዚህ ክንፏን እጅግ በፍጥነት ማሽከርከር አለባት!»

የባትሪውን ወጪ የሚችለው ባለሱቁ ገበየሁ ነበር፤ ስለዚህ ለመጠርጠርም የቀደመው እሱ ነው።

«የኮንጎውን እኮ ግንቦት ላይ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ» አለ። «ሰውየው የጦርነቱን ወሬ እየሰሙ ይደብቁናል። ማርስ ድረስ የሚሰማ ሬዲዮ መርሳን እንዴት ያጣታል?»

አንድ ቀን ጄት ዝቅ ብሎ በግራና ላይ አለፈ። ሰዉ እየተጋፋ በረት ውስጥ ገባ፤ ሼህ ዓሪፍም ጫማቸውን ጥለው ገቡ። መምህሩ ብቻ በዱላቸው አፈሩ ላይ እሳተ ገሞራ እየሣሉ ስለ ኤርታሌ ማስረዳታቸውን ቀጠሉ። ቀና ሲሉ ተማሪ የለም።

«እንደማይመታ ተነግሯቸዋል» አለ ገበየሁ ከላሟ ሥር።

ሌላ ቀን ሁለት ታጣቂዎች በመምህሩ ጀርባ በኩል ግቢ ገቡ። ዘሀራ ለማስጠንቀቅ ድስቱን ድንጋይ ላይ ጣለችው። መምህሩ ሬዲዮዋን ታቅፈው ማርስ ላይ ናቸው። ታጣቂዎቹ ቆመው ጥቂት አዳመጡ፣ ተሳሳቁ፣ «እብድ ነው» ብለው ወጡ። ሬዲዮዋንም አልወሰዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግራና ውስጥ ብቅ አላሉም፤ ገበየሁ ይህንንም በመምህሩ ላይ ቆጠረባቸው።

«የሚፈልጉትን እሳቸው ያቀብሏቸዋላ! ጆሮ ጠቢ ናቸው!»

ቅሬው ተሰበሰበ። በዚያ ሰፈር ሙት የሚቀብረውም ጠብ የሚዳኘውም ቅሬው ነው። እንደ ወጉ ተከሳሽ በሽማግሌ ፊት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ቀና ብሎ ፊታቸውን ማየት ነውር ነው። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ዝም ካለ ደግሞ እንዳመነ ይቆጠራል። መምህሩ ወግ አዋቂ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው ሲቀመጡ እንዳዩ አንገታቸውን ደፉ።

«አንቱ መምህር» አሉ ሼህ ዓሪፍ፣ «የመርሳን ወሬ ሰምተው ደብቀውናል?»

ዝም።

«ከታጣቂዎቹ ጋር ይሠራሉ?»

ዝም።

ሦስተኛውን ጥያቄ ራሷ ልትጠይቅ ዘሀራ ሼሁን ለመነቻቸውና ተፈቀደላት። «በአላህ ይሁንብዎ፣ ልጄ እያለቀብኝ ነው። መንገዱ ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም? ይህችን ብቻ ይንገሩኝ።»

መምህሩ መሬት መሬቱን እያዩ ዝም አሉ። ዘሀራ ለእሳቸው ስትል ከረዲ ስንቅ ትቀንስ ነበር። እንዲህ ያለ ጭካኔ አይታ አታውቅም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

«አብሽሪ ዘሀራ፣ አላህ አለ» አሉ ሼህ ዓሪፍ፤ ፈረዱም። መምህሩ ዛሬውኑ ከሰፈር ይውጡ።

ሽማግሌዎቹ ሲነሡ መምህሩ ቀና አሉ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል። ፈገግ ብለው ሬዲዮዋን አወጡ፣ ቁልፏን አዞሩ፣ ቀይዋን መብራት አዩ፣ ማዳመጫውን ሰኩ።

«የአፋር መሬት እየተ...»

ገበየሁ ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸውና በሩን በጣቱ አመለከታቸው። መምህሩ የሰዉን ፊት ዞረው አዩ። ገባቸው። ሬዲዮዋን እንደበራች ኪሳቸው ከተቱ፣ ለዘሀራ እጅ ነሱና ወጡ።

በሩ ላይ የማዳመጫውን ሽቦ የአጥሩ እሾህ ያዘውና ከሬዲዮዋ ተነቀለ።

«...የመርሳ መንገድ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ክፍት ነው!» ብላ ሬዲዮዋ ከኪሳቸው ውስጥ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች። «ሐኪም ቤቱም ሥራ ጀምሯል...»

ዘሀራ እልል አለች። ሼህ ዓሪፍ «ያ አላህ!» ብለው ጮኹ። ገበየሁ «መምህር! ኧረ መምህር ይቁሙ!» እያለ ከኋላ ሮጠ።

መምህር አማን የተነቀለውን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ እንደሰኩ፣ ኪሳቸው እየጮኸ፣ አንዴም ሳይዞሩ መንገዳቸውን ቀጠሉ።