በራሷ ጣት

ሙያ እንደ ርስት ከወላጅ ወደ ልጅ በአንድ መጨባበጥ የሚተላለፍበት ዘመን ነው፤ የሰጠ ግን ይረሳዋል። የትርሲት እናት የልብስ ስፌት ሙያዋን ርቃ ለምትኖረው ታላቅ ልጇ ከሰጠች ወዲህ የባሏ ሸሚዝ የሚያያዘው በመርፌ ቁልፍ ነው።

ትርሲት ዛሬ አሥራ ስምንት ሞላት። ሐኪሙ አባቷ እጁን ዘረጋላት።

«ጨብጪኝ ልጄ። ሰባት ዓመት ከመማር ትድኛለሽ።»

«አንተስ አባዬ፣ ነገ ምን ትሆናለህ?»

ትርሲት መርፌ ቁልፉን ነቅላ፣ ሁለት ዓመት ተደብቃ በተለማመደችው ስፌት እውነተኛ ቁልፍ ተከለችለት። ትንሽ ተንሻፏል፤ ግን ጠብቋል።

«ይሄን ማንም አልሰጠኝም። ሕክምናውንም እንዲሁ እማረዋለሁ፤ ያንተ ለበሽተኞችህ ይቆይ።»

ከዚያ መርፌና ክሩን ለእናቷ አቀበለች። «ነይ እማዬ፣ ላሳይሽ።»

እናትየው ሁለቴ ሳተች። በሦስተኛው ክሩ በመርፌው ቀዳዳ ሾለከ፤ እልልታዋን ጎረቤት ሁሉ ሰማው።