«ስለ ልጅ ነው የመጣሁት»

በምዝገባ ሳምንት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ምላሷ እስኪደርቅ ትናገራለች። ለመጣው ወላጅ ሁሉ ያንኑ ትደግማለች፦ የመግቢያ ፈተና አለ፤ ትምህርቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ግቢ ውስጥ ሌላ ቋንቋ አይፈቀድም፤ ልጅ የሚወስድ ሰው ካርድ ሊኖረው ይገባል። ጠዋት ጠዋት ይህን የምትለው በፈገግታ ነው። ከሰዓት በኋላ ፈገግታው ያልቅባታል።

ሴትዮዋ የመጡት ወረፋው ሲሳሳ ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ጫማቸው የተወለወለ፣ በፎጣ የተጠቀለለ የምሳ ዕቃ የያዙ ሴት ናቸው። ሌላው ሁሉ ልጁን በእጁ ይዞ ይገባል። እሳቸው ብቻቸውን ገቡ።

«ስለ ልጅ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ይቀመጡ፣ እናቴ። ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት።» ተቀመጡና የጸሐፊዋን ፊት ትክ ብለው አዩት። «ድምፅሽን አውቀዋለሁ። ስልኩን የምታነሺው አንቺ ነሽ አይደል?»

ጸሐፊዋ በቀን ስንቱን ስታናግር ትውላለች። አላስታወሰቻቸውም።

«እንግሊዝኛ ትሞክራለች?»

«ኧረ ጠጥታዋለች! የቸገራት እኔን ማናገር ነው።»

ጸሐፊዋ ሳቀች። ዘንድሮ ከአያቶች አፍ የማይጠፋ ወቀሳ ነው።

«አባቷስ?»

«አርፏል። ሁለታችን ቀርተን ነበር። ልብስ ስሰፋ ከስፌት መኪናዬ ሥር ነበር የምትተኛው፤ የመርገጫውን ድምፅ ካልሰማች እንቅልፍ እንቢ ይላታል። አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። ግድግዳው መልስ ቢሰጠኝ ከሱም ጋር ባወራሁ።»

«ከእርስዎ ጋር አይደለችም ማለት ነው?»

«የለችም» አሉ ሴትዮዋ።

ጸሐፊዋ የተለመደውን ንግግሯን ጀመረች። ሴትዮዋ ስለ ፈተናውም ስለ ቋንቋውም ጆሮ አልሰጡም። የሚጠይቁት ሌላ ነበር። እዚህ የሚውል ሰው ምሳውን የት ነው የሚበላው? ከሰው ጋር ነው ወይስ ለብቻው? ወደ ቤት የሚወጣው በየትኛው በር ነው?

«በዋናው በር ነው። ለምን ጠየቁኝ?»

«እኔ መጥቼ ብጠብቃትስ?»

«ካርድ ከሌለዎት አይቻልም፣ እናቴ።»

«ሥጋ ዘመድ ብሆንም?»

«ቢሆኑም።»

ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፉ።

ጸሐፊዋን ያን ጊዜ አንድ ነገር ቆረቆራት። ባለፈው ዓመት ወላጆቿ የተፋቱባትን አንዲት ሕፃን አያቷ ከግቢው በር ይዘዋት ሊሄዱ ሲሉ ተደርሶባቸው ነበር። የዚያን ጊዜውን ጩኸት ማንም አልረሳውም። ነገሩ የወረደው በጸሐፊዋ ራስ ላይ ነበር። «መጣሁ» ብላ ወደ ዘበኛው ወጣች። ዘበኛውን ሁሉም ጉልቤ ይሉታል፤ ከቁመቱ በቀር ጉልቤነት የለበትም።

«እኚያን ሴትዮ ታውቃቸዋለህ?»

«አዎ። ሰሞኑን ከአጥሩ ማዶ ይቆማሉ። ልጆቹ ወጥተው አልቀው፣ ግቢው ባዶ ሆኖ እንኳ አይሄዱም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ቆሞ ማየት ይከለከላል እንዴ?»

«ና፣ በሩ ላይ ቁም።»

ስትመለስ ሴትዮዋ ፎጣውን ፈትተው የምሳ ዕቃውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ነበር። በላዩ ሁለት ማንኪያ ተቀምጧል።

«ይኼ ለማን ነው?»

«ለሷ ነዋ። ምሳ ሳትበላ ትውላለች። ሆዷ ሲጎድል ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ትቆጣለች፤ ከድሮም ዐመሏ ነው። እንደ ሞቀ ቢደርስላት ብዬ ነው።»

ጸሐፊዋ ወደ ሴትዮዋ ጎንበስ አለች። «ልጅቷ አሁን እዚህ ግቢ ውስጥ ናት?»

ሴትዮዋ የምሳ ዕቃውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«እናቴ፣ ስሟን ይንገሩኝ።»

«ብነግርሽ ታፍራለች። እኔ ዐይኗን አይቼ ልሂድ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ቢፈቀድልኝ አብረን ሁለት ጉርሻ እንቀምሳለን። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው፤ አላወራም፣ አልረብሽም።»

«አይቻልም!»

ጸሐፊዋ ስልኩን አነሳች። ዳይሬክተሯ ማንም እንዳይረብሻቸው ከጠዋት ጀምሮ አዘዋል፤ ከጠዋት ጀምሮም ፊታቸው አይፈታም። ግን የሰው ልጅ ነገር ነው። «ቶሎ ይምጡልኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያለ ካርድ ልጅ ሊወስዱ የመጡ ሴትዮ አሉ።»

ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ ደንግጠው ተነሡ። ፎጣውን መልሰው እንደ ነገሩ ቋጠሩት።

«ይቅር፣ ልሂድ። ተሳስቼ ነው።»

ጉልቤ በሩን በትከሻው ሸፈነ። እንደ ማፈር ብሎታል። «ትንሽ ይታገሡ፣ እናቴ። ነገ ማን ይጠየቃል?»

«በፈጠረህ አሳልፈኝ፣ ልጄ። እሷ ሳትመጣ ልውጣ።»

ኮሪደሩ ላይ የተረከዝ ኮቴ ተሰማ። ዳይሬክተሯ «ሴትዮዋ የት ናቸው?» እያሉ በእንግሊዝኛ እየጠየቁ ገቡ። ጸሐፊዋ በጣቷ አመለከተች። ጉልቤ ገለል አለ። ሴትዮዋ የምሳ ዕቃውን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ ቆመው ቀሩ። ዳይሬክተሯ አዩዋቸው፤ ወደ ጸሐፊዋና ወደ ዘበኛውም ዞር ብለው አዩ።

«እማዬ» አሉ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፤ «ሥራ ቦታዬ አትምጪ አላልኩሽም?»