ከላይ ብቻ

የልጇን የሶልያናን የተቃጠለ ጀርባ ቅባት ቀብታ ወደ ባሏ ወደ ግርማቸው ስትዞር ነው የእሱ ጀርባ ምንም እንዳልሆነ ያየችው። በጅቡቲ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሆዱ ተንሳፍፎ የዋለ ሰው እንደ ልጅቷ መለብለብ ነበረበት።

ጠዋት ለባሕሩ ምርጫው ሁለት ነበር፤ የመተንፈሻ ቱቦ ነክሶ ከላይ መንሳፈፍ፣ ወይም የአየር ሲሊንደር አዝሎ መጥለቅ። ግርማቸው መጥለቁ አምሮታል። እሷ ግን ገና ከሆቴሉ ሳይወጡ ባሏንም ልጇንም በሐሳቧ ቀብራ፣ ለቅሶም ተቀምጣ ጨርሳለች።

«ከላይ ብቻ! ከሶልያና አጠገብ እንዳትርቅ። ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት!» አለ እየሳቀ። «አንቺ እኮ ሻይ ብርጭቆ ውስጥም ሰው ይሰምጣል ብለሽ ትሰጊያለሽ።»

አሁን እሱ ሸሚዙን ለብሶ ውሃ ሊገዛ ሲወርድ፣ ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

«አባትሽ አጠገብሽ ነበር?»

«አዎ… ማለቴ፣ ከሥሬ ነበር። እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነው እማዬ።»

«ጠልቆ? ብቻሽን ትቶሽ?»

«አይ፣ እየጠበቅኩት ነበር። ‹አረፋዬን ከላይ ሆነሽ ተከተይ፤ ከጠፋብሽ ለጀልባው ሰውዬ ጩኺ› አለኝ።» የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። «አንዴ ጠፋብኝ። ጮህኩ፤ ግን ቱቦው አፌ ውስጥ ስለነበር ማንም አልሰማኝም።»

ከኮሪደሩ የግርማቸው ፉጨት እየቀረበ መጣ። እናትየው ቅባቱን አስቀመጠች፤ ተነሥታም በሩን እስኪነጋ እንዳይከፈት ከውስጥ ቆለፈችው።