የአዱሬ ሆድ

ወይዘሮ ብርቄ የዓይናቸውን ሞራ አስወግደው፣ ቦሌ እህታቸው ቤት ሦስት ሳምንት አገግመው ወደ አያት ኮንዶሚኒየም ሲመለሱ ድመታቸው ሶፋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች።

«ጥያት ስለሄድኩ ተቀይማኝ ነው» አሉ እየሳቁ።

የድመቷ ስም አዱሬ ነው። በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው፤ ሌላ ስም አላወጡላትም። ዘጠኝ ዓመት አብራቸው ኖራለች። የእርሻ መሬታቸው ለቪላ ሲወሰድ ላሞቹም በሬዎቹም ተሸጡ፤ ከዚያ ግቢ ይዘውት የመጡት ነፍስ ያለው ነገር እሷ ብቻ ነበረች። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እግራቸው ሥር የምትተኛውም እሷ ናት።

ልጃቸው ጋዲሳ ሶፋውን ሲያነሣው ወጣች። ግራጫ ፀጉሯ ደምቆ ታያቸው። ግን ሁሉም ነገር ደምቆ ነበር፤ መጋረጃውም፣ የጋዲሳ ሸሚዝም። ሐኪሙ እንዲህ እንደሚሆን ነግሯቸዋል።

ጋዲሳ የቤት ደላላ ነው። የባቡሩ ሐዲድ እየተዘረጋ ስለነበር አያት ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው ስልኩን አያሳርፈውም። በዚያ ዓመት ቪትዝ መኪና ገዝቷል።

ድመቷን ሲጠብቁ የከረሙት የፊት ለፊት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሰኪና ናቸው። እሳቸውም ከወሎ የመጡ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ የአንዳቸው ቁልፍ በሌላኛቸው እጅ ነው የኖረው። በዚያ ቀን ግን «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ብለው ገቡና ብዙም ሳይቀመጡ ተነሡ።

ብርቄ እንደ ልማዳቸው ዳቦ በወተት አርሰው ለአዱሬ አቀረቡላት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች። በማግሥቱ ሲርባት ላሰችው። ከዚያ ሆዷ ተበጠበጠ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ተቅማጡ አልቆም አላት።

«ሰኪና ምን ስታበላት እንደከረመች እንጃ» አለ ጋዲሳ፣ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሣ።

«ሰኪና ምን ታበላታለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማዬ። አልኩ እንጂ።»

ሲኤምሲ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰዷት። ዶክተር ዓንዶም ሆዷን ዳበሰ፣ አፏን ከፍቶ አየ።

«ጥርሷ ሸጋ ነው። በደንብ ነው የያዟት፣ እማማ።»

«እንደ ልጅ ነው ያሳደግኳት።»

«እንግዲህ ወተቱ ይቅር። ጥሬ ሥጋ ይሞክሩላት። ስብ የሌለው፣ ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ይሁን። ትንሽ ጉበት ጣል ያድርጉበት። ሌላ ነገር አትቅመስ።»

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። የሰፈሩ ሥጋ ቤቶች ተዘግተዋል። ሰኪና ይህን ሲሰሙ «እኔ ከእኛ ሥጋ ቤት አመጣላታለሁ» አሉ። በየሦስት ቀኑ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሥጋ ይዘው መጥተው ያንኳኳሉ፤ ደጃፉ ላይ ሰጥተው ይመለሳሉ። ግቢ ቢባሉም አይገቡም።

ብርቄ ፆማቸውን ይዘው በተለየ ቢላ ሥጋውን ይከትፋሉ። ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠብቀው በእጃቸው ያጎርሷታል። አዱሬ አንድ ቀን ጉበቱን ለቅማ ሥጋውን ትተዋለች፤ ሌላ ቀን ሥጋውን በልታ ጉበቱን ትተዋለች። በሁለተኛው ሳምንት ተቅማጡ ተመልሶ መጣ።

«ሥጋውን የሚያመጣው ማነው?» አለ ጋዲሳ።

«ሰኪና ናት።»

«የታመመችው እሷ እጅ ላይ ሆና ነው። አሁንም ከእሷ እጅ ነው የምትበላው። እኔ ሌላ ምን እላለሁ።»

ብርቄ ማሰብ ጀመሩ። ሰኪና ሰው ቤት ገብተው ሳይጫወቱ የሚመለሱ ሴት አልነበሩም። ባለፈው ደግሞ በሩ ላይ ቆመው አዱሬን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ያኔ ያዘኑላት መስሏቸው ነበር። አሁን ሲያስቡት የጥፋተኛ ሰው እንባ መሰላቸው።

ሰኪና በማግሥቱ ፌስታላቸውን ይዘው ሲመጡ ብርቄ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ። ጋዲሳ ከኋላቸው ነበር።

«ሰኪና፣ ድመቴን ምን አደረግሻት?»

ሰኪና ጋዲሳን አዩ። ጋዲሳ ስልኩን ያይ ነበር።

«ምንም አላደረግኳትም፣ ብርቄ።»

«ታዲያ ለምን ዓይኔን ማየት አቃተሽ?»

ሰኪና ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። ከንፈራቸው ሊናገር ብሎ ተመለሰ።

«እህቴ ብዬ ቤቴን ጥዬልሽ ሄድኩ» አሉ ብርቄ። «ሥጋውን መልሽው። ቁልፌንም ስጪኝ።»

ሰኪና ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡ። ሥጋውን ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ጋዲሳ ቦሌ ካለ ሱፐርማርኬት የታሸገ ሥጋ ያመጣ ጀመር። አዱሬ በሳምንቱ ዳነች። ወፈረች፤ ፀጉሯ አብረቀረቀ። ብርቄ የጠረጠሩት ሁሉ እውነት ሆነባቸው። ባሳለፏቸው ስድስት ዓመታት አፈሩ። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ፋሲካ ሳይደርስ ሰኪና ቤታቸውን አከራይተው ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ተነሡ። የሄዱ ቀን ጠዋት የብርቄን በር አንኳኩ። ቆዩ። እንደገና አንኳኩ። ብርቄ አዱሬን ታቅፈው ከበሩ ጀርባ ቆመው ነበር። አልከፈቱም። የሰኪና እርምጃ ደረጃውን ሲወርድ እስኪጠፋ ሰሙት፤ ከዚያ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ከፋሲካ በኋላ አዱሬ ከቤት መውጣት ለመደች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርቄ ተከትለዋት ወረዱ። የግቢው ጥበቃ ላጲሶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ሀገሩ ሆሳዕና ከርሞ የተመለሰው በዚያ ሳምንት ነበር። ሰላምታ ተለዋወጡ።

«ላጲሶ፣ ከግቢ እንዳትወጣብኝ ዓይንህን ጣል አድርግባት። ካለሷ ማንም የለኝም።»

ላጲሶ ድመቷን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺንስ እጠብቃታለሁ፣ እማማ፤ የፊተኛዋን ጋዲሳ በመኪናው ገድሏት፣ ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ ብሎ እግራቸው ላይ የወደቀ ለት፣ ወይዘሮ ሰኪና እንደ ሰው ነበር ያለቀሱላት።»